የመድረክ ቀሚስ ላይኛው ክፍል ቀጥ ብሎ እንዲቆም፦ በአቡጀዲ፣ በካኪና በኬብል ታይ

የንግሥት ቀሚስ መድረክ ላይ ሲወጣ የተመልካች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ከወገብ በላይ ነው። ታቹ መሬት ቢጠርግ፣ ጥበቡ ቢያንጸባርቅ፣ ደረቱ ከተሸበሸበና ወገቡ ላይ ከተጠቀለለ ንግሥትነቱ የለም። ተዋናይዋም ቃለ ተውኔቷን ትታ ልብሷን ወደ ላይ መጎተት ትጀምራለች።

ጅማ ውስጥ ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ ለኪነት ቡድን፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ የመድረክ ልብስ የሚሰፉ ጎበዝ ልጆች አሉ። ቀሚሱን አሳምረው ይሰፋሉ። የሚያስቸግራቸው ከብብት እስከ ወገብ ያለውን ላይኛውን ክፍል ማቆሙ ነው። ሁሌም የምሰማው ጥያቄ “ውስጡ ምን ልክተትበት?” የሚል ነው።

እኔ ግን ከዚያ በፊት ስለ ጨርቁ ጠይቁ እላለሁ። ልብሱን የሚያቆመው በልክ የተቆረጠ፣ የማይለጠጥና ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ጨርቅ ነው። እሱ ከሌለ ሃያ ዘንግ ብትሰኩበትም ይወርዳል። ውስጡ የሚገባው ዘንግ፣ እዚህ ማቆሚያ የምለው፣ ሥራው አንድ ብቻ ነው። ጨርቁ ከላይ ወደ ታች እንዳይጨማደድ ወጥሮ ይይዛል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የማይሆኑትን እናስወግድ

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ የወላጆች ቀን በሚበዛበት ሰኔ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ የመድረክ መብራትና ላብ ሲጨመር ካርቶን አይታሰብም። አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም፣ ላብ ሲጠጣ ደግሞ እንደ ወረቀት ይላላል። ስታርችም እንዲሁ ነው። ጠዋት ቀጥ ያለው ማታ ልፍስፍስ ይላል።

አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጩ የእንጨት ኮላ ለዘውድ፣ ለትከሻ ጌጥ፣ ለጋሻ ግሩም ነው። ገላ ላይ ለሚውል ልብስ ግን አይሆንም። ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ላብ ያለሰልሰዋል፣ ገላንም አያስተነፍስም። ሽቦ ከሁሉም የከፋ ነው። አንዴ ከጎበጠ አይመለስም፣ ጫፉ ጨርቅ ይበሳል፣ ዝገቱም ነጭ ሸማ ላይ ከወጣ በኋላ ማስለቀቁ መከራ ነው።

የሚያስፈልገው

ለውስጥ ጨርቅ ሁለት ድርብ አቡጀዲ ወይም አንድ አቡጀዲና አንድ ካኪ። ገንዘብ ካጠረ የሐሙስ ገበያ ውጡና ሰልባጅ ውስጥ የድሮ ጂንስ ፈልጉ። አሁን አሁን የሚመጣው ጂንስ ላስቲክ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሻጩ ፊት በሁለት እጅ ወደ ጎን ሳቡት። ከተለጠጠ ተዉት፣ ለዚህ ሥራ አይረባም። የመረጣችሁትን ጨርቅ ሳትቆርጡ በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል። መኮማተሩ ከተሰፋ በኋላ ከሆነ ደክማችሁ የወሰዳችሁት ልክ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ለማቆሚያ ምርጫዬ ኬብል ታይ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት ፕላስቲክ፣ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውና ወፍራሙ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ረጅሙን ጠይቁ። ነጭ ልብስ ከሆነ ነጩን ግዙ፣ ጥቁሩ በሸማ ሥር ያሳብቃል። እሱ ከጠፋ ትልልቅ ካርቶን የሚታሰርበት የፕላስቲክ ጥብጣብ አለ። ሱቆች ዕቃ ሲያወርዱ በር ላይ ይጥሉታል። ብቻውን ስስ ነውና ሁለቱን ደርቡት። ከጥቅል የወጣ ስለሆነ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ጎባጣዎቹን ፊት ለፊት አጋጥማችሁ በፕላስተር አስሩ። አንዱ ሌላውን ያቃናዋል።

ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ልብስ ሰፊዎች ለዚሁ ሥራ ሸምበቆና ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣውን ተጣጣፊ ነገር ይጠቀሙ ነበር። ፕላስቲኩ የእነዚያን ቦታ ነው የያዘው።

ከዚህ ሌላ መርፌና ክር፣ ስፒል፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የማይለጠጥ ጥብጣብ፣ ጥቂት መንጠቆ። በእግር የሚረገጥ መኪና ይበቃል። መርፌውን ግን ወደ ቁጥር 16 ቀይሩት። ቀጭን መርፌ ብዙ ድርብ ላይ ይሰበራል።

ልክ መውሰድ

ለባሿ መድረክ ላይ የምታደርገውን ጡት መያዣ አድርጋ ትቁም። ወገቧ ላይ ላስቲክ እሰሩና ሁለት ሦስቴ ጎንበስ ቀና ትበል። ላስቲኩ ተንሸራቶ የሚያርፍበት ቦታ ትክክለኛው ወገብ ነው። ደረት ዙሪያ፣ ከጡት ሥር ዙሪያ፣ ወገብ ዙሪያ፣ ከብብት እስከ ወገብ ለኩ። ሙሉ ትንፋሽ ስባ እያለች ደረቷን እንደገና ለኩ፤ መዝፈን ወይም መጮህ ካለባት ይህኛው ነው ልኳ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከጡት ሥር እስከ ጭኗ መታጠፊያ ለኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቆማ ብቻ የተለካች ንግሥት ዙፋኗ ላይ ስትቀመጥ የማቆሚያው ጫፍ ጭኗን ይወጋታል፣ ልብሱም ወደ ላይ ተገፍቶ ደረቷ ላይ ይከመራል።

ከወገብ ልክ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ልብሱን ወገብ ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ትንሽ ጥብቀት ነው። ከደረት አትቀንሱ። ጀርባው በክር የሚታሰር ከሆነ ሁለቱ ጠርዞች መካከል ሌላ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይቅር። የዘንድሮዋ ተዋናይ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ብትተካ ልብሱ ያገለግላል።

መሞከሪያውን አትዝለሉ

ፊቱን በሦስት፣ ጀርባውን በአራት ቁራጭ ክፈሉት። በፊት በኩል ያሉት ሁለት ስፌቶች በጡቱ መሐል አልፈው ወደ ወገብ ይውረዱ፤ ቅርጽ የሚወጣው እዚያ ነው። መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ ነጠላውን ስፉና አልብሷት። ጀርባውን በስፒል ያዙት።

አሁን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላችሁ ሽብሽቡን አንብቡ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እጥፋት ካለ ልብሱ ሰፍቷል፤ ከጎን ስፌት ያዙ። ወገብ አካባቢ የሚጋደም ሽብሽብ ቁመቱ መርዘሙን ወይም ዳሌው ላይ መጥበቡን ይነግራችኋል። ወደ ጡት የሚጎተት ሰያፍ መስመር ካያችሁ ደረቱ ጠቧል፤ ልቀቁላት። የመጨረሻውን በጣት ስትነኩት ጨርቁ ከበሮ ላይ እንደተወጠረ ቆዳ ጥርር ያለ ነው፣ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ማቆሚያ እነዚህን አንዳቸውንም አያድንም። እንዲያውም ጉድለቱን አጉልቶ ያወጣዋል። መሞከሪያው ላይ ግማሽ ቀን ብታጠፉ የሚቆጭ ጊዜ አይደለም። ያስተካከላችሁትን በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱት። ንድፋችሁ እሱ ነው።

የውስጡን ጨርቅ መቁረጥና መስመር መስፋት

ጨርቁን በቁመትም በወርድም ሳቡት። ጭራሽ እሺ የማይለው አቅጣጫ ወገብን የሚዞረው ይሁን። በሰያፍ ፈጽሞ አትቁረጡ።

ሁለቱን ድርብ ለየብቻ ገጣጥማችሁ ስፉ፣ የስፌቱን ትርፍ ከፍታችሁ ተኩሱ። ከዚያ ትርፎቹ መሐል ላይ እንዲደበቁ አድርጋችሁ ሁለቱን አነባብሩ። ስፌት ከስፌት ጋር ይግጠም፣ በስፒል ያዙት።

ቀጥሎ ማቆሚያው የሚገባበትን ቦይ ስፉ። ማቆሚያው 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቦዩ 11 ይሁን። መስመሮቹን በእርሳስና በማስመሪያ አስምሩ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ቦይ ሰፍታችሁ ማቆሚያውን አስገቡበት። በአንድ ጣት ግፊት መግባት አለበት፣ ውስጥ ገብቶ ግን መዞር የለበትም። ከዞረ ቦዩ ሰፍቷል።

ቦታቸው እንዲህ ነው። ከፊት መሐል ላይ ሁለት፣ ከፊት ስፌቶቹ አጠገብ አንድ አንድ፣ ጎን ላይ አንድ አንድ፣ ከኋላ ስፌቶቹ አጠገብ አንድ አንድ፣ በጀርባ መክፈቻው ጠርዝ አንድ አንድ። በድምሩ 10። ደልደል ላለች ተዋናይ በፊት ስፌትና በጎን መካከል አንድ አንድ ጨምሩና 12 ይሁኑ። ከዚያ በላይ ክብደት መጨመር ነው።

ኬብል ታይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን አይታጠፍም። ስለዚህ ቦዩ ወደ ጎን እየተጣመመ እንዲሄድ አታድርጉ። የጡቱ ጫፍ ላይ የሚወጣም አይሁን፣ ደረትን ጨፍልቆ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። የፊት ስፌቶቹ አጠገብ ያሉት ከጡት ሥር ቢያበቁ ይሻላል።

የታችኛውን ጠርዝ ስፉ፣ የላይኛውን ክፍት ተዉት።

ማቆሚያውን ማዘጋጀት

የኬብል ታዩን ጭንቅላት ቆርጣችሁ ጣሉ። ቀሪውን ከቦዩ 1.2 ሳንቲ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ። ከላይና ከታች ስድስት ስድስት ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ይኖረዋል ማለት ነው። ቦዩን ጢም አድርጎ የሚሞላ ማቆሚያ ሲቀመጡ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል።

ሲገዛ ታጥፎ ስለሚመጣ ከጎበጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት፣ አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ይቃናል።

አሁን ጫፉ። መቀስ የቆረጠው ጫፍ ሁለት ሹል ማዕዘን አለው። በጥፍር መቁረጫ አራት አምስት ጊዜ ቀንጥሱና እንደ ጥፍር ክብ አድርጉት። በብርጭቆ ወረቀት ለስልሱት። ከዚያ አሮጌ ናይሎን ካልሲ ውስጥ ከተው አንሸራቱት። ክር ከያዘ ገና ነው፤ ካልሲውን የያዘ ጫፍ ነገ ሸማውንም ገላዋንም ይይዛል። ያለምንም መንጠቅ ሲያልፍ ጨርሳችኋል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሃያ ጫፍ አለ። ሆኖም ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሳትሳቀቅ እንድትቆም የሚያደርጋት ይሄ ነውና አትቸኩሉበት።

ስታስገቡ ጥርስ ያለው ፊት ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወደ ገላ ይሁን። ላዩን በእጅ ዝጉት፤ በመኪና ከዘጋችሁት መርፌው ፕላስቲኩ ላይ ሊሰበር ይችላል። ከዚህ በኋላ ካውያ በዚያ አካባቢ አይደርስም። የካርቶን ማሰሪያው ፕላስቲክ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ለጥጥ የተስተካከለ ካውያ ግን ወደ 200 ይጠጋል። መተኮስ ያለበትን ሁሉ ቀድማችሁ ተኩሱ።

የወገብ ጥብጣብ

ይህ ከውጭ የማይታይ ግን ትልቅ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። ጥብጣቡን ከወገቧ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ፣ ጫፎቹ ላይ ሁለት ሁለት መንጠቆ ስፉ። ከውስጥ በኩል፣ በወገብ መስመር ላይ፣ ስፌት ባለበት ቦታ ሁሉ በእጅ ያዝ ያዝ አድርጉት። ወደ መክፈቻው ሲደርስ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጻ ይሁን።

ስትለብስ መጀመሪያ ጥብጣቡ ይቆለፋል፣ ቀጥሎ ዚፑ ወይም ክሩ። የቀሚሱ ክብደት በሙሉ ወገቧ ላይ ያርፋል፣ ላይኛው ክፍል የሚጎትተው ነገር አይኖርም። ትከሻ የሌለው ልብስ ያለ ጥብጣብ እንዳይወርድ መጠበቅ ዘበት ነው።

ላዩን ማልበስ

የሽመና ጨርቅ ውብ ነው፣ ግን ክሩ ይንሸራተታል፤ ውጥረት ሲበዛበት በስፌቱ በኩል ይከፈታል። ስለዚህ ኃይሉን ሁሉ የውስጡ ይሸከም። የላዩን ከየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ፤ በላይ ስለሚዞር ያንን ያህል ይፈልጋል። በሰፊው በእጅ ወስውሳችሁ ከውስጡ ጋር አያይዙትና ጠርዙን ቀምቅሙ። ጨርቁ ስስ ሆኖ የማቆሚያው መስመር ከታየ በመሐሉ አንድ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ጥበቡን መሐል ፊት ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሁለቱ የመሐል ማቆሚያዎች መካከል በትክክል እንዲያርፍ ንድፉን ቀድማችሁ አስቡበት።

ገበሩን በመጨረሻ በእጅ ብቻ ወስውሱት። ላብ የሚጠጣው እሱ ነው፤ ተፈቶ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይሰፋል።

ጀርባውን በክር ለማሰር ቀዳዳዎቹ በየ 2.5 ሳንቲ ሜትሩ ይሁኑ። ጫማ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ የብረት ቀለበት ማስመታት ይቻላል። እኔ የምወደው ግን በወስፌ ነው። ወስፌ ክሩን ሳይቆርጥ ገለል አድርጎ ይበሳል፤ ዙሪያውን በወፍራም ክር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስትዘመዝሙት ዓመታት ይቆያል። ከቀዳዳዎቹ ጎን ማቆሚያ ከሌለ ክሩ ሲሳብ ጀርባው እንደ መጋረጃ ይሰበሰባል፤ የመክፈቻው ጠርዝ ላይ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ስታስሩ ከላይና ከታች እየሳባችሁ መሐል ላይ ድረሱ፣ ቋጠሮው ወገብ ላይ ይሁን።

እስክስታ ካለ

እስክስታ የምትመታ ተወዛዋዥ ትከሻዋና ደረቷ መንቀሳቀስ አለባቸው። ለንግሥት የሰፋችሁትን ልብስ ለእሷ ብታለብሷት እንቅስቃሴው ይታፈናል፣ ውዝዋዜውም ይሞታል። ለእሷ ማቆሚያው ከጡት ሥር እስከ ወገብ ብቻ ይሁን። ጀርባ ላይ ከትከሻ አጥንቷ በታች ይቁም። ከዚያ በላይ ያለውን በአንድ አቡጀዲ ብቻ ያዙት፣ በቀጭን ማንገቻም ደግፉት። ለዝላይ ጭፈራም የታችኛውን ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ አሳጥሩ።

ለትንንሽ ልጆች ፕላስቲክ አላስገባም። በሁለቱ አቡጀዲ መሐል የጥጥ ሲባጎ እያስገባችሁ ግራና ቀኙን ተጠግታችሁ ስፉ። አጠገብ ለአጠገብ አምስት ስድስት መስመር ሲሆን ይጠነክራል፣ ግን አይወጋም። ሲባጎውም ቀድሞ ይታጠብ፤ እሱም ይኮማተራል።

ማልበስና መፈተሽ

ከዝግጅቱ ቀን በፊት ሙሉ ልምምድ ላይ ትልበሰው። ትቀመጥ፣ ትስገድ፣ ሁለት እጇን ታንሳ፣ ግጥሟን በሙሉ ድምፅ ትበል። ስታወልቀው ገላዋ ላይ ቀላ ያለ መስመር ካለና ቶሎ ከጠፋ ችግር የለም። አንድ ነጥብ ላይ ካመማት ያንን ማቆሚያ አውጥታችሁ አሳጥሩ። “ትንሽ ነው፣ እችለዋለሁ” ብትል አትስሟት።

ከዝግጅት በኋላ ወዲያው ገልብጣችሁ አየር ላይ ስቀሉት። ውኃ ውስጥ አትንከሩት። በዓለም ያሉ የቲያትር ልብስ ክፍሎች የላብ ሽታ የሚያጠፉት ቮድካ በመርጨት ነው። እኛ ዘንድ የፋርማሲ አልኮል ወይም ካቲካላ ያንኑ ይሠራል። ገበሩ ላይ በስሱ ርጩና አድርቁት። ቀለም ያለው ጥበብ ካለ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ፣ ሻማና ሲጋራም ይራቅ። ሲቀመጥ በፌስታል አይታሰር፣ በጅማ ክረምት ይሻግታል። በአሮጌ ነጠላ ሸፍናችሁ ስቀሉት።

በዝግጅቱ ምሽት ከመጋረጃው ጀርባ ክር የተሰካበት መርፌ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ትንሽ መቀስና የቁስል ፕላስተር ይኑር። ማቆሚያ ጨርቁን በስቶ ከወጣ ለመመለስ አትታገሉ። ከላይ ሁለት ስፌት በጥሳችሁ መዝዛችሁ አውጡት፣ የተቀደደውን ከውስጥ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ልጅቷን ወደ መድረክ ላኳት። የቀሩት ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ይይዙላታል።